«ሕግ ይከበር» የሚሉን ሹማምንት ራሳቸው ሲያጣምሙት የት ላይ ይያዛል? (ጎንደር)

ጃንተከል ሥር (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች።

በከተማችን ሕዝባዊ መድረክ በተጠራ ቁጥር የሚነገረውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ነጋዴው ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ነዋሪው ያለ ፈቃድ ግንብ አያቁም፣ ባለ ባጃጁ ከመስመሩ አይውጣ፣ ቆሻሻ ቀሃ ወንዝ ውስጥ አይጣል። አንዱም ስህተት የለበትም። ሰውን የሚያንገበግበው ይህንኑ የሚናገር ሹም በኮድ 4 መኪና እሁድ ለእሁድ ሠርገኛ ሲያመላልስ፣ የመሥሪያ ቤቱን ግዢ ያለ ጨረታ ሲያሳልፍ፣ «ቤት የለኝም» ብሎ ፈርሞ ሁለተኛ ቦታ ሲወስድ ማየት ነው።

ይህ ክር ስም ለመጥራት አልተከፈተም። ስም የሚጠራ መልእክት ከገባ አስተዳዳሪዎቹ ያንሱልን። የምፈልገው ግዢውን፣ ሒሳቡን፣ መሬቱን የሚያውቁ ሰዎች ጥምዘዛው የትኛው ወረቀት ላይ አሻራውን እንደሚተው እንዲጽፉልን ነው።

መነሻ ይሆነን ዘንድ፦ ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9(2) ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት የተጣለባቸውን ሲዘረዝር ዜጋውን ብቻ ጠርቶ አላቆመም፤ የመንግሥት አካላትንና ባለሥልጣኖቻቸውንም ለይቶ ጠርቷል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ወይም ተመራጭ እንደሚጠየቅ፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሕግ ደረጃ እዚያ ላይ አብቅቷል።

የእኔ እምነት ይህ ነው። ሹም ሕግን ፊት ለፊት ሲጥስ እምብዛም አይገኝም። የሚጠቀመው ከሕጉ ጎን የተተወችውን የልዩ ፈቃድ በር ነው። ልዩ ፈቃድ ደግሞ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ፊርማ አይወጣም። ስለዚህ «ለምን ጣስክ?» ብሎ ከመጮህ «ይህ በማን፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ ተፈቀደ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይጠቅማል። እስቲ ባለሙያዎች ቀጥሉበት።

—

ሦስት ፕሮፎርማ

ግዢውን እኔ ልያዘው።

የመንግሥት ግዢ መደበኛ መንገዱ ግልጽ ጨረታ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ይህን ይዞ ቆይቶ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል፤ ክልሉና ከተሞቹ የሚሠሩት ደግሞ በክልሉ ሕግ ነው። በፕሮፎርማ መግዛት የሚፈቀደው ለአነስተኛ ዋጋ ብቻ ነው። ጣሪያውን የሚወስነው መመሪያ ስለሆነና ስለሚቀያየር፣ በዚያ በጀት ዓመት የሚሠራበትን ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥምዘዛ ግዢውን መቆራረጥ ነው። ለምሳሌ ጣሪያው 100,000 ብር ነው እንበል። 280,000 ብር የሚያወጣ የቢሮ ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ 95,000፣ 93,000 እና 92,000 ብር ተደርጎ በሦስት ፋይል ይገዛል። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲገለጥ ንጹሕ ነው፤ ኦዲተር እንኳ ናሙናው ላይ አንዱ ብቻ ከደረሰው አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ የዓመቱን የግዢ ዕቅድና የሩብ ዓመቱን የክፍያ ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጉ። ዕቅዱ ላይ አንድ መስመር የነበረ ዕቃ ክፍያው ላይ ሦስት ሆኖ ከተገኘ፣ ጥያቄያችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው የፕሮፎርማው ድራማ ነው። ሦስት ድርጅት ዋጋ ያቀርባል፤ ሦስቱንም የሚያመጣው አንድ ሰው ነው። ምልክቶቹ፦ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንድ ዓይነት የዕቃ ቅደም ተከተል፣ አንድ ቀን፣ የተሸናፊዎቹ ዋጋ ከአሸናፊው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በእኩል መቶኛ ከፍ ያለ። በተለይ የመጨረሻዋን አስሉት። እውነተኛ ነጋዴ በወንበር ረክሶ በጠረጴዛ ይወደዳል፤ አሥራ ሁለቱም ዕቃ ላይ ልክ 8 በመቶ የሚበልጥ ነጋዴ የለም።

ሦስተኛው መጋዘን ላይ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ለተጠቃሚ ሲወጣ ሞዴል 22። ሰኔ መጨረሻ ላይ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ ዕቃው ሳይመጣ ሞዴል 19 ተቆርጦ ክፍያ ይፈጸማል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ከሰኔ 20 እስከ 30 የተቆረጡት ሞዴል 19ኞች ሞዴል 22 መቼ እንደወጣላቸው ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ነሐሴ ላይም ካልወጣ ዕቃው የት አለ? የጥራት ፍተሻ ኮሚቴው ፊርማስ በምን ቀን ተፈረመ?

—

ኦዲት ክፍል

ከላይ በተጻፈው ላይ አበልና ነዳጅ ልጨምር። ገንዘቡ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ «ቁጠባ» እየተባለ በሚሰበክበት ዓመት ግን በብዛት የሚፈሰው በዚህ ቀዳዳ ነው።

የውሎ አበል የሚከፋፈልበት የተለመደው ስሌት ቁርስ 10 በመቶ፣ ምሳ 25፣ እራት 25፣ መኝታ 40 ነው። አዘጋጁ የሸፈነው ከአበሉ ይቀነሳል። አሁን አስሉ፦ አበሉ በቀን 1,000 ብር ቢሆን፣ ሥልጠናው በሆቴል ሆኖ ምሳና መኝታ ከተቻለ ሠልጣኙ የሚገባው 350 ብር ነው። ሙሉውን ከወሰደ 650 ብር ያለ አግባብ ተከፍሏል። በ40 ሰውና በ5 ቀን 130,000 ብር ይሆናል። የሚያጋልጠው የሆቴሉ ደረሰኝና የአበል መክፈያ ቅጹ በአንድ ሥልጠና ስም መገኘታቸው ነው። አንደኛው «ምሳና መኝታ ለ40 ሰው» ይላል፣ ሌላኛው ሙሉ አበል። ሁለቱ ግን አብረው አይቀመጡም፤ የአዳራሹ ወጪ በመስተንግዶ፣ አበሉ በጉዞ የሒሳብ መደብ ስለሚመዘገብ የሚያገናኛቸው ሰው ይጠፋል።

ኮድ 4 መኪና ላይ የሚታየው የስምሪት ወረቀቱ ነው። መነሻና መድረሻ፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የተቀዳው ሊትር፣ የፈቀደው ሰው ፊርማ ይኖረዋል። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 360። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 45 ሊትር ይበቃዋል፤ ከተማ ውስጥ መዞሪያ ቢጨመርለት 55። 90 ሊትር ተቀድቶ ከተገኘ ልዩነቱን ማስረዳት ያለበት የፈረመው ኃላፊ ነው፣ ሾፌሩ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምለው ጥፋት በተገኘ ቁጥር የሚቀጣው ሾፌር ስለሆነ ነው። ሌላው ቀላል ማጣሪያ ኪሎ ሜትሩ ነው፤ አርብ ማታ ያለው ንባብና ሰኞ ጠዋት ያለው ካልተገናኙ ቅዳሜና እሁድ መኪናው ተንቀሳቅሷል፤ የስምሪት ወረቀቱ ግን የለም።

መኪና ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድንገተኛ ሥራ ሊኖር ይችላል። በእሁድ የታየ ሁሉ ሌባ አይደለም። ስምሪት ካለው አለው፤ ከሌለው የለውም።

—

ሳሙና በር

ሁላችሁም ወረቀቱን ታሳያላችሁ፤ ወረቀቱን ማን ይሰጠናል? «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ና»፣ «ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው»። አንድ ተራ ነዋሪ ሄዶ የስምሪት ወረቀት አሳዩኝ ቢል ከበሩ ይመለሳል።

—

መዝገብ ቤት

@ሳሙና በር፣ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የክሩ ወገብ ነው። በሩ ላይ የሚመልሱህ በቃል ስለምትጠይቅ ነው።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሦስተኛ ክፍል መረጃ የማግኘት መብትን ይደነግጋል። በ2013 አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም ይህ ክፍል አልተሻረም። የሚሠራው ለፌዴራል ብቻ ሳይሆን ለክልል መንግሥት አካላትም ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው።

ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይጻፋል። ሰነዱን በደንብ ለይታችሁ ግለጹ፤ «ስለ ግዢ መረጃ ይሰጠኝ» ካላችሁ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። «ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 በፕሮፎርማ የተፈጸሙ የቢሮ ዕቃ ግዢዎች ዝርዝር፣ የአቅራቢው ስም፣ ዋጋና ቀን» ካላችሁ ማምለጫ የለውም። ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ይህችን ማኅተም ሳትይዙ ግቢውን አትልቀቁ፤ በኋላ የሚከራከሩት በይዘቱ ላይ አይደለም፣ «አልደረሰንም» ብለው ነው።

መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ሰነዱ ብዙ ከሆነ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታቸው ነው። ይግባኙ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገራችሁ። አዋጁ የካቢኔ ሰነዶችን፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢርን፣ የግል ሕይወት መረጃን ከሚጠበቁት ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ «ካቢኔው የተወያየበት ቃለ ጉባኤ ይሰጠኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በራሳችሁ እጅ በሩን ትዘጋላችሁ። ውይይቱን ተዉትና ውሳኔውን ጠይቁ። ውሳኔው የተላለፈበት ደብዳቤ፣ ቁጥሩና ቀኑ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ይበቃችኋል። ክሩን የከፈተው ወንድማችን ቃለ ጉባኤ ያለውን በዚህ አርሙት።

በዚህችው ከተማ አፄ በካፋ ልብሱን ቀይሮ በሕዝቡ መሀል እየዞረ የሹማምንቱን ሥራ ይመረምር ነበር ይባላል። ለእኛ አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃናል።

—

የአራዳ ሰው

መሬት ካልተነሳ ጎንደር አልተነሳችም።

በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ የመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የሚተላለፍበትን ሁለት መንገድ አስቀመጠ፦ ጨረታና ምደባ። መደበኛው ጨረታ ነው። ምደባ ለተቆጠሩ ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም፣ መንግሥት ለፈቀደው የቤት ልማትና የመኖሪያ ቤት ማኅበራት፣ ለአምልኮ ቦታ፣ ለማኑፋክቸሪንግ፣ ለኤምባሲና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ልዩ አገራዊ ፋይዳ ላለው ፕሮጀክት። ጥምዘዛው የሚገባው በምደባው በኩል ነው።

አንዱ መንገድ የአገልግሎት ለውጥ ነው። ቦታው «ለማኅበራዊ አገልግሎት» ተብሎ ያለ ጨረታ ይመደባል፤ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ይባላል። ከጊዜ በኋላ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ የሚከራይ ቢሮ ሆኖ ይገኛል። የሚነጻጸሩት ወረቀቶች ሦስት ናቸው፦ የምደባ ውሳኔው ላይ ያለው አገልግሎት፣ የሊዝ ውሉ ላይ ያለው፣ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው። ሦስቱ ከተለያዩ የአገልግሎት ለውጡን ማን ፈቀደ? የሊዝ ልዩነቱስ ተከፈለ?

ሌላው የቤት ማኅበር ነው። አባል የሚሆነው ሰው በከተማው ቤትም ቦታም እንደሌለው ያረጋግጣል። የሚጣራው በአመልካቹ ስም ብቻ ከሆነ በትዳር ጓደኛ ስም ያለው ቤት ያመልጣል። ማጣሪያው በባልም በሚስትም ስም መሠራቱን፣ በየክፍለ ከተማው መሠራቱን ጠይቁ። በማራኪ የተጣራ ሰው አዘዞ ጠዳ ላይ ይዞታ ሊኖረው ይችላል፤ መዝገቦቹ ካልተናበቡ አይታይም።

ግንባታ ላይ ደግሞ የእኛ ከተማ ከሌላው የምትለይበት ነገር አለ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የፋሲል መዋኛንና ቁስቋምን የመሳሰሉ ቦታዎችም አብረው ገብተዋል። 900 ሜትር የሚረዝመው የግቢው አጥር ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም የሚጠበቀው፤ ዙሪያውም እይታውም ነው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተጠበቀ ቦታ ላይ ለሚደረግ ግንባታ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ባለ ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር ወራት ሲመላለስ፣ ከጎኑ ፎቅ ቢነሳ መታየት ያለበት የከተማው የግንባታ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የቅርስ ፈቃዱም ከፋይሉ ጋር መኖር አለበት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ያስገባዋል። ፋይሉ ላይ ምድብ «ለ» ተብሎ የተሞላ፣ መሬት ላይ ግን ከዚያ የረዘመ ሕንፃ ካያችሁ ፎቅ ቁጠሩ፤ አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ነው።

እነዚህ ግንቦች አራት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የአንድ ሹም ፊርማ የሚያበላሸውን ማንም መልሶ አይሠራውም። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።

—

ማራኪ ቢ

የሀብት ምዝገባውስ? ምስጢር ነው አይደል? ማንም ሊያየው አይችልም ሲባል ነው የምሰማው።

—

ኦዲት ክፍል

አይደለም እህቴ። የፌዴራሉ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የሚመለከታቸው ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድሱ ያስገድዳል። የተመዘገበው መረጃ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚጠበቀው የቤተሰብ አባላት ሀብት ዝርዝር ነው። የክልልና የከተማ ተሿሚዎች የሚመዘገቡት በክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። መዝገቡ ሰውዬው የተናገረውን ይይዛል፤ ያልተናገረውን ራሱ ፈልጎ አያመጣም። ማጣራት የሚነሳው በአብዛኛው ጥቆማ ሲመጣ ነው። «ሀብታም ሆኗል» የሚል ጥቆማ ዋጋ የለውም። የቤቱ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የተገዛበት ግምታዊ ጊዜ ሲኖር ግን መርማሪው ከመዝገቡ ጋር በአንድ ቀን ያነጻጽረዋል።

—

ሩቅ አገር

ሌላው ዓለም ሹሙን እንዴት እንደሚቀጣ ላካፍላችሁ፤ ትምህርት አለው።

የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርና ሶልበርግ በኮሮና ጊዜ ሕዝቡን በየቀኑ «ተራራቁ» ሲሉ ቆይተው፣ በ60ኛ ዓመት ልደታቸው ከተፈቀደው 10 ሰው በላይ ቤተሰብ ሰበሰቡ። የአገሪቱ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ላይ 20,000 ክሮነር ቀጣቸው። ምግብ ቤቱም ባለቤታቸውም ሕግ ተላልፈዋል ተብሏል፤ የተቀጡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ፖሊስ የሰጠው ምክንያት ገደቡን ያወጀው መንግሥት ፊት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሕዝቡ በደንቡ ላይ ያለው እምነት እንዳይሸረሸር ነው።

በብሪታንያ ቦሪስ ጆንሰን ሰኔ 2020 በካቢኔ ክፍል ውስጥ ለተደረገ የልደት ዝግጅት በ2022 ተቀጡ። ቅጣቱ ትንሽ ነበር። የጎዳቸው ለፓርላማ «ደንቡ ተጠብቋል» ማለታቸው ነው፤ የፓርላማው ኮሚቴ በ2023 ሆን ብለው አሳስተዋል ሲል ደመደመ። ሪሺ ሱናክም ጠቅላይ ሚኒስትር እያሉ፣ የደኅንነት ቀበቶ ሳያስሩ በቀረጹት ቪዲዮ በፖሊስ ተቀጥተዋል።

እኔ የምቀናው በቅጣቱ ብር አይደለም፤ ቅጣቱን የቆረጠው ፖሊስ ከሹሙ ፈቃድ ሳይጠይቅ መቁረጡ ነው። እኛም ዘንድ የትራፊክ ደንቡ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ዓይነት ተሽከርካሪ ነው ቅድሚያ የሚሰጠው፤ ኮድ 4 ስለሆነ ብቻ ቀይ መብራት የሚፈቀድለት መኪና የለም።

—

ሳሙና በር

@መዝገብ ቤት፣ ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የጠቆመ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ደግሞ በግሌ ያልተጎዳሁበትን ነገር ፍርድ ቤት ልወስደው እችላለሁ?

—

መዝገብ ቤት

የመጀመሪያው፦ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ነገር ግን ከባድ ወንጀል ላይ ያተኮረ ስለሆነ ለነዳጅና ለአበል ጥቆማ ይደርስልኛል ብለህ አትመካ። ስምህን ሳትጽፍ መጠቆም ትችላለህ፤ ያኔ ግን ማስረጃው በራሱ የሚቆም መሆን አለበት፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ቦታ። መረጃ ለመጠየቅ የሚጻፈው ማመልከቻ ግን ጥቆማ አይደለም፤ ማንንም አይከስም። ስለዚህ ከእሱ ጀምር።

ፌስቡክ ላይ «እገሌ በላ» ብሎ መለጠፍ ግን ትልቁ ስህተት ነው። ስም ማጥፋት ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ሰውዬው ማስረጃውን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። የሞዴል 19 ቀን የሚታረመው ወሬው ከወጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው፦ በአብዛኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት «ጥቅምህ የት ላይ ተነካ?» ይልሃል። አካባቢ ላይ ግን በሩ ሰፊ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ታመለክታለህ፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም በውሳኔው ካልረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ቀሃንና አንገረብን አታቆሽሹ የሚል የመንግሥት ተቋም የራሱን ፍሳሽ ወደ ወንዙ ለቆ ከተገኘ፣ ይህ አንቀጽ ለማንኛውም ነዋሪ ይሠራል። ፎቶው ላይ ቀኑና ቱቦው የሚወጣበት ግቢ አብረው ይታዩ።

አስተዳደር ነክ ጉዳይ ላይ በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል፤ የሚመለከተው ግን የፌዴራል ተቋማትን ነው። ጎንደር ያለ የፌዴራል ቅርንጫፍ ላይ ይሠራል፣ ከተማ አስተዳደሩ ላይ አይሠራም። ይህን ለይተህ ካልያዝህ ጠበቃ ከፍለህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ትመለሳለህ።

—

ማራኪ ቢ

ውኃ በፈረቃ ነው። ለአንዳንድ ግቢ ግን ቦቴ በየሳምንቱ ይመላለሳል ይባላል። ይህንን በእናንተ አካሄድ እንዴት እንጠይቀው?

—

መዝገብ ቤት

ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ጻፊው። «ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 የቦቴ ውኃ ስምሪት መዝገብ፤ ቀን፣ መድረሻ ቀበሌ፣ የተራገፈው ሊትር፣ ያዘዘው የሥራ ክፍል፤ እንዲሁም በዚሁ ጊዜ ሲሠራበት የነበረው የፈረቃ ሰሌዳ።» የግለሰብ ስም አትጠይቂ፤ በግል መረጃ ሰበብ ሙሉውን ይከለክሉሻል። ቀበሌውና ሊትሩ ከፈረቃው ሰሌዳ ጋር ሲቀመጥ የቀረውን ራሱ ያሳይሻል። ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አድርጊ፤ ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን መቆጣጠር ሥራው ነውና ኋላ «አልሰማንም» አይልም። እሱም ጋ የገቢ ማኅተሙን አስመቺ። 30 ቀኑን የምትቆጥሪው ማኅተሙ ላይ ካለው ቀን ነው።

—

ማራኪ ቢ

እሺ፣ ሰኞ አስገባዋለሁ። መልሱ ሲመጣ ስም የሌለበትን ገጽ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ @ኦዲት ክፍል ሊትሩን እንድታሰላልን።